ሻጋታና ጣራ በአርሲ ደጋ፤ ምክንያቱ፥ ማስወገጃውና መከላከያው

በአርሲ ደጋ ክረምቱ ገፋ ሲል በጣራ ላይ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የሣሩ ክዳን እየጠቆረ አረንጓዴ ይለብሳል፤ የቆርቆሮው ቤት ኮርኒስ በጥቁር ነጠብጣብ ይዥጎረጎራል፤ ታጥፎ የከረመው የጭነት መኪና ሸራም ሲዘረጋ ይሸታል። ባለቤቶቹ ሦስቱንም ሻጋታ ይሏቸዋል፤ መድኀኒቱም አጥቦ መተው ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ የታጠበው ጣራ በሚመጣው ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም በሚመጣው ወር፥ ተመልሶ ይሻግታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስለ ምን እንደሚሆን መግለጥ ነው። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ ሻጋታ ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። በሽታው በጣራው ውስጥ መውጫ አጥቶ የቀረው እርጥበት ነው። ስለዚህ ውሃው ከየት እንደ መጣና በየት መውጣት እንደሚገባው ሳይመረምሩ ጣራን ማጠብ፥ ትኩሳትን በእርጥብ ጨርቅ እንደ ማብረድ ያለ ነው። ነገሩም የጣራ መልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከጣራው በታች የሚተኙ ሕፃናት አሉ፥ የዓመቱ እህልና ለዘር የተቀመጠው ገብስም እዚያው አለ።

፩. የአገሩ ጠባይ

አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ፥ በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጭላሎ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ ከዚያም በፊት በየካቲትና በግንቦት መካከል የበልግ ዝናብ አለ። በዚህ ምክንያት ጣራ በርትዖ የሚደርቅበት ጊዜ አጭር ነው።

ነገር ግን እርጥበት የሚመጣው ከዝናብ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፥ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ከፍ ባለው ስፍራም ውርጭ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ጣራ የሚረጥበው ከላይ በሚወርድ ዝናብ ሳይሆን ከታች በሚወጣ እንፋሎትና ትንፋሽ ነው። ይህን ሁለተኛውን እርጥበት ብዙ ሰው ስለማያስተውለው በቆርቆሮው ክፍል በሰፊው እንመለከተዋለን።

፪. ሻጋታ ምንድን ነው?

ሻጋታን ሁሉም ሰው ከመሶቡ ያውቀዋል። እንጀራ ሦስት አራት ቀን ሲቆይ በላዩ የሚበቅለው ነጭ፥ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ለስላሳ ጸጉር ፈንገስ ከሚባለው ወገን የሆነ ሕያው ፍጥረት ነው። እንደ አትክልት ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን አያዘጋጅም፤ ሌላው ፍጥረት ያዘጋጀውን እያሟሟ ይበላል። ለእርሱ እንጀራ፥ ሣር፥ እንጨት፥ የጥጥ ጨርቅ፥ በግድግዳ ጭቃ ውስጥ ያለው ጭድ፥ በቆርቆሮ ላይ ያረፈው አቧራ ጭምር ምግቡ ነው። ዘሩ ከዱቄት እጅግ የደቀቀ ስለሆነ በነፋስ ይበራል፤ ዘሩ የማይገባበት ቤትም የለም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ. ኤ. አ. በ1928 በለንደን ፔኒሲሊንን ለማግኘት የበቃው እንዲህ በአየር የመጣ የሻጋታ ዘር በምርምር ሳሕኑ ላይ ስላረፈ ነበር።

እንግዲህ ሻጋታ ለማደግ አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ዘር፥ ምግብ፥ መጠነኛ ሙቀትና ውሃ። ዘሩን ከቤት ማገድ አይቻልም። ምግቡ ራሱ ቤቱ ነው። ሻጋታውን የሚያስማማው ሙቀት ሰውንም የሚያስማማው ነው። በሰው እጅ የቀረው አራተኛው፥ ማለት ውሃው ብቻ ነው። በአንድ ነገር ገጽ ላይ ያለው አየር ከሙሉ ርጥበቱ ከመቶ 80 እጅ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ሻጋታ ይነሣል፤ የረጠበው ዕቃ ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፈጽሞ ከደረቀ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሻግት ያመልጣል። የመከላከሉ ሥራ ሁሉ በዚህ ቍጥር ላይ የቆመ ነው።

በጣራ ውጭ የሚታየው አረንጓዴ ግን ከሻጋታ የተለየ ነው። እንደ ምንጣፍ የሚለሰልሰው ለምለምና የድንጋይ ሽበት የሚባለው ግራጫ ልባስ ከብርሃን ምግባቸውን ስለሚያገኙ ከቤት ውስጥ አይበቅሉም፤ የሚገኙት በውጭ፥ ይልቁንም ፀሐይ በማይበረታበትና የዛፍ ጥላ በወደቀበት ወገን ነው። ሻጋታ ጨለማውን አይጠላም፤ አረንጓዴው ያለ ብርሃን አይኖርም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ቶሎ የማይደርቅ ገጽ ነው። አረንጓዴው ራሱ ውሃ እየያዘ ስለሚያቈይ ከበታቹ ለሚመጣው ብስባሽ መንገድ ይጠርጋል።

፫. የሣር ክዳን

የሣር ክዳን ውሃን የሚከለክለው እንደ ብረት ጨርሶ ስለማያሳልፍ አይደለም። ዝናቡ ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ወደ ታች እንዲፈስ ስለሚያደርገው ነው። ክዳኑ ቢያንስ 45 ዲግሪ ያህል የተዳፈነ ከሆነ በዝናብ ጊዜ የሚርሰው ከላይ ያለው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ጎጆ ቤት ሹል ሆኖ የሚሠራው ለጌጥ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ሣሩ እየሰለለና እየተረገጠ ሲለጠፍ፥ ወይም ማገሩ ጐብጦ ጣራው ሲዘቀዝቅ፥ ውሃው መፍሰሱን ትቶ መስረግ ይጀምራል፤ ብስባሹም ከዚያ ይነሣል።

ሁለተኛው የሣር ጠባቂ ምድጃው ነው። በቤቱ መካከል የሚነደው እሳት ክዳኑን ከውስጥ ያደርቀዋል፤ ጢሱም በሣሩና በወራጁ ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይለጠፋል። በእንጨት ጢስ ውስጥ ሻጋታንና ነቀዝን የሚቃወሙ ቅመሞች አሉ፤ ሥጋን በጢስ ማቈየት የተቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በጥቀርሻ የጠቆረ አሮጌ ክዳን ከውስጥ ሲታይ ጤነኛ ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ጣራውን የሚያድነው ጢስ ሰውን ይጐዳል። የዓለም የጤና ድርጅት በግምቱ እንደ ገለጠው፥ በ2020 እ. ኤ. አ. ብቻ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከመሰለው ጢስ የተነሣ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ይልቁንም የሚጐዱት በምድጃው አጠገብ የሚውሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤቱ መለየት የሚመሰገን ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ እሳቱ ከቤት ሲወጣ ጣራውን ያደርቅ የነበረው ኀይልም አብሮ ወጥቷል። ምድጃውን አውጥቶ ሌላ የማድረቂያ ዘዴ ያልተካ ሰው ክዳኑ ከቀድሞው ቶሎ ቢበሰብስበት ሊደነቅ አይገባውም። መፍትሔው ጢሱን መመለስ ሳይሆን ነፋሱን ማስገባት ነው። በግድግዳው ራስና በክዳኑ መካከል ዙሪያውን ክፍተት መተው፥ ከጕልላቱም በታች ዝናብ የማያስገባ መተንፈሻ ማበጀት ይገባል፤ ሞቃቱ እርጥብ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በዚያ በኩል ይሄዳል።

በአርሲ የሣር ክዳን ሌላም ችግር አጋጥሞታል። እ. ኤ. አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ካዱ፥ ማለት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፥ ከተቋቋመ ወዲህ ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር በአውራጃው ተስፋፋ፤ በኋላም ስንዴ በኮምባይነር መታጨዱ የተለመደ ሆነ። ኮምባይነር ሥራን ያቀላል፤ ነገር ግን አገዳውን ሰባብሮ ስለሚጥለው ለክዳን የሚሆን ረጅምና ቀጥ ያለ ጭራሮ አያስቀርም። ግጦሹ ሲታረስም ሰንበሌጡ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ የሣሩን ማነስ በላስቲክ ለመካስ ያስባል፤ ላስቲኩንም ከሣሩ በላይ ወይም ከሣሩ በታች ይዘረጋዋል። ይህ በመጀመሪያው ክረምት ደኅና ይመስላል፤ ዝናቡ አይገባምና። ከላይ የተዘረጋው ላስቲክ ግን ሣሩ እንዳይተነፍስ ያፍነዋል፤ ከታች የተዘረጋው ደግሞ የቤቱን ትንፋሽ በራሱ ላይ ጤዛ አድርጎ ያወርደዋል። ላስቲክ መዘርጋት ግድ ቢሆን እንኳ በእርሱና በሣሩ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት መኖር አለበት።

የበሰበሰ ክዳን ሲታደስ የጠቆረውን ሣር ደረቁ እስኪገኝ ድረስ መንቀል እንጂ በላዩ አዲስ ሣር መደረብ አይገባም። በላዩ ከተደረበበት ሻጋታው እንደ ዳነ ቍስል በውስጥ እየመገለ ይቆያል። አረንጓዴውም በደረቅ ቀን በእንጨት መሰቅሰቂያ ቀስ ተብሎ ይነሣል፤ የሚያጠላውም የዛፍ ቅርንጫፍ ይቈረጣል።

፬. የቆርቆሮ ክዳን

ቆርቆሮ ውሃ አያስርግም፥ ለሻጋታም ምግብ አይሆንም። ታዲያ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ኮርኒሱ የሚሻግተው ስለ ምንድን ነው?

መልሱ በአየር ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል የውሃ እንፋሎት ሊይዝ ይችላል፤ ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ግን ሊይዝ የሚችለው 7 ግራም ያህል ብቻ ነው። የተረፈው 10 ግራም ውሃ ሆኖ መውረድ አለበት። አሁን የአሰላን የኅዳር ሌሊት እናስብ። ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ በዙሪያው ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። በታች ግን ሰዎች ተኝተዋል፤ አንድ የተኛ ሰው በአንድ ሌሊት ከትንፋሹና ከላቡ ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ያወጣል። ስድስት ቤተ ሰብ ቢሆን ከአንድ ሊትር በላይ ይሆናል። ጥጆችና በጎችም በዚያው ቤት ካደሩ፥ እራትም በዚያው ከተሠራ፥ መጠኑ ብዙ ጊዜ ያጥፋል። ይህ ሁሉ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛውም ተጠራቅሞ በኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል።

ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ ራሱ የሻጋታ ምግብ ነው። ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ከሆነ ከረጢቱ ፕላስቲክ ስለሆነ አይበላም፤ በላዩ የተጠራቀመው አቧራና የምስጥ ፍርፋሪ ግን ይበላል። ስለዚህ ነጠብጣቡ በሁለቱም ላይ ይታያል።

ባለቤቱ ይህን ሲያይ «ጣራው አፈሰሰ» ብሎ አናጢ ይጠራል፤ አናጢውም ምስማር ይጨምራል። አዲሱ ምስማር አዲስ ቀዳዳ ስለሆነ፥ ያልነበረው ፍሳሽ በእውነት ይጀምራል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ፍሳሹን ከጤዛው መለየት ያስፈልጋል። ፍሳሽ የሚታየው ዝናብ በዘነበ ጊዜ ነው፤ በአንድ ስፍራም፥ ይልቁንም በምስማርና በመገጣጠሚያ በታች፥ ይወሰናል። ጤዛ ግን ዝናብ ሳይኖር፥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ጧት፥ በጣራው ሁሉ ላይ፥ ከሁሉም ይልቅ በመኝታውና በምድጃው ትይዩ ይገኛል። ለግድግዳም ቀላል መፈተኛ አለ። ክንድ ያህል ላስቲክ ወስዶ ዳር ዳሩን በፕላስተር አጥብቆ በግድግዳው ላይ መለጠፍና አንድ ቀንና ሌሊት መተው ነው። ውሃው በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ከታየ እርጥበቱ ከግድግዳው የመጣ ነው፤ በውጭኛው ገጽ ከታየ ከቤቱ አየር ነው። ይህን በማናቸውም የተማሪ ማደሪያ ክፍል ውስጥ መሞከር ይቻላል።

ፍሳሽ ከሆነ የሚጠገነው በውጭ ነው። ምስማሩ የሚመታው ከፍ ባለው የቆርቆሮው ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጐድጓዳ አይደለም፤ ከራሱ በታችም የጎማ ማጠቢያ ይኑረው። አሸንዳው ከቅጠል ይጸዳል። ጤዛ ከሆነ ግን የሚጠገነው በውስጥ ነው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ነፋስ ከአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው የሚወጣበት መተንፈሻ መክፈት፥ ድስትን መክደን፥ ከብቱን ወደ ጋጣ ማውጣት፥ ጧት መስኮት መክፈት። ብርድ ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ የደፈነ ሰው ብርዱን ሳይሆን እርጥበቱን ነው የዘጋው።

በቆርቆሮው ውጭ የሚበቅለውን አረንጓዴ በሚመለከት አንድ ነገር እናስታውስ። አዲስ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዝናብ ከዚንኩ ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ስለሚወስድ ለምለሙ በእርሱ ላይ አይመቸውም። አረንጓዴው በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ሲታይ ዚንኩ መሳሳቱንና አቧራው መጠራቀሙን ያመለክታል። እንዲህ ባለው ጊዜ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ የቀረውን ዚንክ ገፎ ዝገትን መጋበዝ ነው። በለስላሳ መጥረጊያና በውሃ ማጽዳት፥ ከደረቀም በኋላ ቀለም መቀባት ይሻላል።

በጣራው በታች ያለውን እህል ደግሞ ማሰብ ያሻል። ስንዴና ገብስ ያለ ሥጋት የሚከርሙት የውስጥ እርጥበታቸው ከመቶ 13 እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። በደንብ ደርቆ የገባ እህል እንኳ ጤዛ ከሚንጠባጠብበት ኮርኒስ በታች ወይም ከእርጥብ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ከተቀመጠ እርጥበቱን መልሶ ይጠጣል። የሻገተ ገብስ የመብቀል ኀይሉ ይደክማል፤ ለዘርም ሆነ በአሰላ እንዳለው ላለ የብቅል ፋብሪካ ዋጋው ይቀንሳል። አንዳንዱ ሻጋታም መርዝ ስለሚያወጣ እህሉ ታጥቦና ተሰጥቶ ቢበላ እንኳ ጉዳቱ ላይቀር ይችላል። ከረጢቱን ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፥ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ያህል አርቆ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ነው።

፭. ሸራና የጎማ ክዳን

በአሰላ ገበያ የሚታየው ሦስተኛው ጣራ ተንቀሳቃሹ ነው፤ ይኸውም እህል የጫነ መኪና የሚለብሰው፥ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ያለው ጓዝ የሚሸፈንበት፥ በአውድማም ድንገተኛ ዝናብ ሲመጣ በክምሩ ላይ የሚጣለው ሸራ ነው። በባዕድ አገርም ሰዎች መኝታና ማድ ቤት ባለው ተሽከርካሪ እየተጓዙ ያድራሉ፤ የብዙዎቹ ጣራ ከጎማ ሉሕ የተሠራ ነው። በሁለቱም ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው።

የጥጥ ሸራን ሻጋታው ራሱን ይበላዋል፤ ክሩ ይልላል፥ በመጨረሻም ሲጐትቱት ይተረተራል። የፕላስቲክ ሸራንና የጎማ ክዳንን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይበላም፤ የሚበላው በላዩ ያረፈውን አቧራ፥ የወፍ ኵስ፥ የቅጠል ጭማቂና ቅባት ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ንጽሕና ነው። ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና፥ በለስላሳ ብሩሽ አጥቦ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። ብዙ ሰው ግን እድፉ ቶሎ እንዲለቅ ብሎ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ይፈትገዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ለጣራ የሚሆነውን የጎማ ዐይነት ነዳጅና ዘይት ስለሚያሳብጠው መጋጠሚያው ይላቀቃል፥ ለሻጋታ ተብሎ የተጀመረው ሥራም በፍሳሽ ይፈጸማል።

የሸራ ትልቁ ጠላት ግን እጥፋቱ ነው። ሾፌሩ በዝናብ ደርሶ ጭነቱን ያራግፋል፥ ሸራውን እንደ ረጠበ አጥፎ ይጥላል። በእጥፋቱ ውስጥ ነፋስ የለም፥ ብርሃን የለም፥ ውሃው መሄጃ የለውም፤ ከላይ የጠቀስናቸው 48 ሰዓቶችም ያልፋሉ። በማግሥቱ ፀሐይ እንደ ወጣች ሸራውን በገመድ ላይ አስጥቶ ሁለቱንም ወገን ማድረቅ ከማናቸውም መድኀኒት ይበልጣል።

፮. ሻጋታውን ስለ ማንሣት

የውሃው ምክንያት ከተወገደ በኋላ ያለው ሻጋታ መነሣት አለበት። የሞተ ሻጋታም ቢሆን ትቢያው አስምና ሳል ያለበትን ሰው ስለሚያስቸግር መግደል ብቻ አይበቃም፤ መጥረግ ያስፈልጋል። በደረቁ መጥረግ ግን ዘሩን በቤቱ ሁሉ መበተን ነው። አስቀድሞ ውሃ መርጨት፥ በሮችን መክፈት፥ አፍንጫና አፍን መሸፈን፥ ሕፃናትን ማራቅ፥ ከዚያም በሳሙና ውሃ መጥረግ ነው። የሻገተ አቡጀዲ ኮርኒስ ወርዶ ተቀቅሎ ይታጠባል፤ የላላ ከሆነ ይቃጠላል።

በረኪና በጠንካራና ለስላሳ ገጽ ላይ ይረዳል፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ መጥረግ፥ ጥቂት ደቂቃ ማቈየት፥ ከዚያም አጥብቆ ማለቅለቅ ነው። በሦስት ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛ፥ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አለመቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። ሁለተኛ፥ በቆርቆሮ ላይ አለመተው፤ ዚንኩን ይበላዋል። ሦስተኛ፥ በጭቃ ግድግዳና በእንጨት ላይ ብዙ ተስፋ አለማድረግ፤ በረኪናው በላይ ቀርቶ ውሃው ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ነጠብጣቡ ይነጣል እንጂ ሥሩ ይጠጣል። እንዲህ ያለው ግድግዳ እስከ ደረቁ ተፍቆ እንደ ገና መመረግ አለበት።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው ሦስቱ ጣራዎች በአሠራራቸው ቢለያዩም ሕጋቸው አንድ ነው። ሣሩ የሚድነው በተዳፋቱና በነፋሱ፥ ቆርቆሮው በመተንፈሻው፥ ሸራው በመሰጣቱ ነው። የቀድሞው ጎጆ ይህን ሕግ ሳይጽፈው በሹልነቱና በምድጃው ይፈጽመው ነበር። እኛ ግን ምድጃውን ስለ ጤና አወጣን፥ ሣሩን ስለ ማነሱ ለወጥን፥ ላስቲክና ኮርኒስ ጨመርን። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ መልካም ነው፤ ከእያንዳንዱ ጋር ግን አንድ የእርጥበት መውጫ ተዘግቷል፥ በምትኩም የተከፈተ የለም።

ስለዚህ በቤት አሠራር፥ በጤናና በእርሻ ትምህርት የተሰማሩ ጓደኞቻችን በየአገራቸው ሲሄዱ ጧት ተነሥተው ጣራውን ከውስጥ ቢመለከቱ እንመክራለን። የዝናብ መስፈሪያ፥ አንድ የሙቀት መለኪያና አንድ ክንድ ላስቲክ ለመጀመሪያው ምርመራ ይበቃሉ። አዲስ ቤት የሚሠራውን ሰውም «ዝናቡ በየት ይገባል?» ብለን ብቻ አንጠይቀው፤ «የገባው እርጥበትስ በየት ይወጣል?» የሚለውን እንጨምርበት። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ በረኪናው የሚያስፈልግበት ቀን ጥቂት ይሆናል።